ሁለቴ የተጻፈ ስም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዛሬ ደህና ቀን ነበር። ደህና ማለት... ማንም ፊት ለፊቴ አላለቀሰም። የመርዶ ወረቀት የሚያትም ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይሄ ብርቅ ነው።

እትዬ ዶንካ ጠዋት ከነካፖርቷ ገብታ አንድ የተቀደደ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣለች። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናት። ዕድሜዋ ስልሳ ሁለት፣ ምላሷ ገና ሃያ።

"አንብብ እስቲ! ከፌርማታው ላይ ገንጥዬ ነው ያመጣሁት።"

አነበብኩ። "ውድ አባታችን ከእኛ ከእኛ ከተለየ ስድስት ወር ወር ሆነው።"

ሰው በስልኩ ጽፎ ይልክልናል። እያለቀሰ ነው የሚጽፈው፣ ጣቱ ይደግማል። እኛም እንዳለ እናትማለን። ከዚያ በር ላይ፣ ግንድ ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ይለጠፍና ከተማው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል።

"መሳቂያ ሆንን እኮ!" አለች። "ሶፍያ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ስትደበድብ ኖረህ የለም እንዴ? ይሄን አንድ በለው እንጂ!"

አልኩት። ሦስት መስመር ፕሮግራም። አንድ ቃል፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ያው ቃል ከመጣ... ሁለቱን በአንድ ተካ። በቃ። ለራሴ አልዋሽም፣ ዋናውን መስመር ከኢንተርኔት ነው የገለበጥኩት። አምና ባተምናቸው መቶ ወረቀቶች ላይ ሞከርኩት፣ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ቆረጠ። እትዬ ዶንካ "እሰይ የኔ አንበሳ!" ብላ ከጋገረችው ዱባ ትልቁን ቁራጭ ሰጠችኝ።

አሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ አላየኋቸውም። የሰው ስምስ? እሱንም አልቆረጠም? ነገ አያለሁ።

ቤት ገባሁ። ማንም አልደወለም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ሥራ በዛ። ስሞቹን ሳላይ ቀረሁ።

ማንም አልደወለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

የባቄላ ሾርባ ሠራሁ። አሁንም ለሁለት ሰው። እማዬ ከሞተች ስምንት ወር ሊሆናት ነው፣ እጄ ግን መርዶውን አልሰማም። ድስቱን ሳየው ሆድ ባሰኝ፣ ቆሜ በላሁ።

ኩሽና ሆና ስትጠራኝ ሁልጊዜ ሁለቴ ነበር። "ቬሊን ቬሊን!" አንድ ቀን፣ ከሶፍያ ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ ጎርምሼ አይደለም፣ አርባ አምስት ዓመቴ ነው... "አንዴ ብትጠሪኝ እኮ እሰማለሁ!" ብዬ ጮኽኩባት። ድንች እየላጠች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። "አንዱ ለጆሮህ ነው" አለች። "ሁለተኛው ለእግርህ።"

አሁን ማን ይጠራኛል? የታችኛው በር ደወል ከፋሲካ ጀምሮ ተበላሽቷል። አላሠራሁትም። ለማን ብዬ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

እትዬ ዶንካ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳለች። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አንዲት አሮጊት ገቡ። ትንሽዬ፣ ጥቁር በጥቁር የለበሱ። ራይና ራቼቫ እባላለሁ አሉ። ባላቸው ትናንት ጠዋት ሞቱ፣ ቀብሩ ነገ እኩለ ቀን ላይ ነው።

"ነፍስ ይማር፣ እማማ" አልኩ። በቀን ስምንት ጊዜ የምለው ነው።

መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ስም። ዕድሜ። የቀብሩ ሰዓት። የያዙት ፎቶ የሃያ ዓመት ወታደር ነው፣ ኮፍያው ጆሮው ላይ የወደቀ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ።

"የቅርብ ጊዜ ፎቶ የለም?"

"አለ። ግን አይስቅበትም። ሳቁን ይዞ ይሂድ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ወረቀቱን የሚለጥፍልዎ ሰው አለ? ልጆች...?"

"እግዜር አልሰጠንም። መቃብር ቆፋሪው እለጥፋለሁ ብሎኛል።"

አርባ ወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው። ይዘውት ሲወጡ እንዳይጨማደድ ደረታቸው ላይ ለጥፈውት ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ዝናብ። ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ምሰሶ ላይ ያን ወታደር አየሁት፣ ሳቁ በስብሷል። ጽሑፉ ላይ ዓይኔን ሮጥ ሮጥ አደረግኩ... አንድም የተደገመ ቃል የለም። ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ደስታ ነው ደግሞ? ሰውዬው በዚያኑ ሰዓት እየተቀበረ ነበር።

ማንም አልደወለም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ጉድ! ጉድ ነው የወረደብኝ።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ በሩን በከዘራው ገፍቶ ገባ። ከረባት፣ ባርኔጣ፣ የተወለወለ ጫማ። እትዬ ዶንካ ስታየው ባለችበት ደርቃ ቀረች። አማተበች።

"አዎ፣ በእግሬ ነው የመጣሁት!" አለ። "ማነው የገደለኝ?"

ፔትኮ ራቼቭ ነው። የድሮው የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ዲሬክተር፣ ፋብሪካውን ዘግቶ ማሽኖቹን የሸጠው። ይህች ከተማ እሱን ሳታማ ውላ አታድርም። እጁን ኪሱ ከትቶ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋው። የኛ ወረቀት ነው፣ የወታደሩ። "ፔትኮ ራቼቭ፣ በ74 ዓመቱ" ይላል።

"እኔ ሰባ ዘጠኝ ነኝ! አምስት ዓመት ሰርቃችሁ ገደላችሁኝ!"

"ጓድ ዲሬክተር፣ ስለ መስረቅ እንኳ..." አለች እትዬ ዶንካ። አልጨረሰችውም። ፎቶውን ከቅርብ አየችው። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ።

"ቬሊን... ይሄ እኮ ራቼቭ ራቼቭ ነው!"

"ማን?"

"ራቼቭ ራቼቭ ነዋ! ሾፌሩ! የጋብሮቮን አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳው! እኔን ትምህርት ቤት ያመላለሰኝ! አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው የጻፍከው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ውስጥ ሁለት ፔትኮ ራቼቭ ነበሩ። ዲሬክተሩ ራቼቭ የቤተሰቡ ስም ብቻ ነው (ለሴት ራቼቫ ይሆናል)። የሾፌሩ ግን የአባቱም ስም ራቼቭ፣ የቤተሰቡም ስም ራቼቭ። ስለዚህ ሰው እንዳይምታታበት "ራቼቭ ራቼቭ" ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ልጅ አዋቂው። ይሄን የማላውቀው ሶፍያ የከረምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ፕሮግራሜም አያውቅም። ቃል፣ ክፍት ቦታ፣ ያው ቃል። ሁለቱን በአንድ ተካ።

እኔ እኮ ሁለቴ ጽፌዋለሁ! እሳቸው እንዳሉኝ በዚህ ጣቴ "ፔትኮ ራቼቭ ራቼቭ" ብዬ ጽፌዋለሁ። ከታተመ በኋላ ስሙን ልብ ብዬ አላየሁትም።

"ቀብሩ ላይ ስንት ሰው ነበር?" እትዬ ዶንካ ጠየቀችው።

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ። ቄሱን ጠይቄ ስድስት ነው ያለኝ፣ ራሱንና ቆፋሪውን ቆጥሮ።" ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። "ሰው የቀረው እኔ መስዬው ነው። ገባችሁ? እኔ መስዬው።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

እማማ ራይና መጡ።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ መነጽራቸውን አድርገዋል። ወረቀቱን ዘርግተው ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳረፉ። "እዚህ ጋ አንድ ይጎድላል" አሉ።

እትዬ ዶንካ ቀደመችኝ። "ኮምፒውተሩ ነው፣ እማማ ራይና። አዲስ ነገር አስገብተን... ኮምፒውተሩ ነው የቆረጠው።"

እኔስ? እኔ ማተሚያው ላይ ወረቀት እጨምራለሁ። ሞልቶ ለተረፈ ማተሚያ!

"ኮምፒውተር..." አሉ እማማ ራይና፣ እያሰቡ። "ፔትኮ እኮ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ምን አደረገው?"

እትዬ ዶንካ ወንበር ሳበችላቸው፣ አልተቀመጡም።

"በሱ አውቶቡስ የሄደ ሁሉ ይመጣል ብዬ ንፍሮውን በትልቁ ድስት ነበር የቀቀልኩት። ስንዴው ተረፈ። ለወፍ በተንኩት።" ቦርሳቸውን ዘጉ። "ለአርባው ሁለቱንም ጻፉልኝ። ያኔም ካልመጡ... እንግዲያው ረስተውታል ማለት ነው። ቁርጤን አውቃለሁ።"

ሲወጡ እትዬ ዶንካ ወደኔ ዞረች። "አንተን ላድን ብዬ ነው" አለችኝ። አውቃለሁ። ዐይኔን በጨው አጥቤ እስከ ማታ ሠራሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

አሥራ ዘጠኙን ዛሬ አየኋቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የማይለቀም ነገር ነው ያፈሰስኩት።

አሥራ ሦስቱ የእውነት ስህተት ናቸው። ስድስቱ አይደሉም። ሦስቱ የሰው ስም ናቸው፣ እንደ ራቼቭ። (ወረቀታቸው የታተመው አምና ነው፣ ፕሮግራሜ ሳይደርስባቸው። ተመስገን።) አንዱ "ቀስ ቀስ እያልክ ሄድክብን" ይላል፣ "ቀስ እያልክ" አድርጎታል። አንዱ "በጣም በጣም" ነው። አንዲት እናት ደግሞ "ልጄ ልጄ ልጄ" ብላለች። ሦስት ጊዜ። ፕሮግራሜ አንድ አስቀርቶላታል፣ ቸርነቱ!

ያን መስመር ኢንተርኔት ላይ የጻፈው ሰው አገር ራቼቭ ራቼቭ የሚባል ሾፌር የለም ይሆናል። በሱ አልፈርድም። እኔ አገር ግን በየመንገዱ ነው።

ቀየርኩት። ከእንግዲህ አይቆርጥም። ከተደገመው ቃል ሥር ቀይ መስመር ያሰምርና ይጠይቃል፦ "ይቅር ወይስ ይኑር?" ሰው ራሱ ይወስናል። ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ? አራት። መጀመሪያውኑ ባደርገው ኖሮ አራት ደቂቃ ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ... ምሳ ሰዓት ላይ ይሄንኑ ማስታወሻዬን ፕሮግራሙ ውስጥ ከተትኩት። ቃል ብቻ ሳይሆን የሚደገም ዓረፍተ ነገር ፈልግ አልኩት።

"ማንም አልደወለም።" ከፌብሩዋሪ ወዲህ አንድ መቶ አርባ ሁለት ጊዜ። ከእያንዳንዱ ሥር ቀይ መስመር። ይቅር ወይስ ይኑር? ይቅር ወይስ ይኑር?

ሁሉን በአንድ ብተካው ስምንቱ ወር አንድ ቀን ይሆናል። ውሸትም አይደል።

ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። እኔስ ማን ጋ ደወልኩ? "ደወልኩ" የሚለውን ፈለግኩ። ሦስት። አንደኛው ቧንቧ ሠሪው ጋ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

እማማ ራይና ጋ ሄድኩ። በእግሬ፣ ወንዙን ተሻግሬ። ሁለቴ ከመንገድ ተመልሼ በሦስተኛው ደረስኩ።

ግቢያቸው ውስጥ የአውቶቡስ ወንበር አለ፣ የሁለት ሰው፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ። አሮጌውን አውቶቡስ ሲጥሉት ፔትኮ ነቅለው ያመጡት ነው አሉ። እማማ ራይና እዚያ ላይ ተቀምጠው ዱባ ይከትፋሉ።

ገና ሳልቀመጥ አፈነዳሁት። "እማማ ራይና፣ ኮምፒውተሩ አይደለም። እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰው ስም እንዳይቆርጥ ማየት ነበረብኝ፣ ነገ ነገ እያልኩ ሳላይ ቀረሁ። እርስዎ ሲጠይቁ ደግሞ ዝም አልኩ።"

ዱባውን ለሁለት ሰነጠቁት። ፍሬውን በጣታቸው አወጡ።

"ሁለቴ ጽፈኸው ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ። እንዳሉኝ ሁለቴ ጽፌዋለሁ።"

"ሁለቴ ብዬሃለሁ?"

"ብለውኛል።"

እጃቸው ቆመ። "እኔ እኮ... እኔው አንዱን ውጬው ይሆናል ብዬ። ኮምፒውተር ያልነገሩትን አያደርግም ሲሉ እሰማለሁ። የዚያን ቀን አንደበቴ ተሳስሮ ነበር፣ አንዱን ራቼቭ እኔው ራሴ አስቀርቼበት ይሆናል ብዬ..." እንባቸው መጣ።

አንጀቴን በሉት። አምስት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ጭነው! ይሄ የፕሮግራሙ ሥራ አይደለም። ይሄ የኔ ዝምታ ነው። ከቀብሩ ይልቅ ይሄ ነው ያሳፈረኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"አላደርግም" አሉ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። "ገና ነኝ። አርባው ይለፍና እናያለን። ወረቀቱን ግን አንተ ነህ የምትለጥፈው። በእጅህ። እዚህ ብቻ አይደለም፣ እስከ ጋብሮቮ፣ ፌርማታ በፌርማታ። እሱ ቆሞ ሰው የጫነበት ሁሉ።"

"ስንት ፌርማታ ነው?"

"አሥራ ሰባት። ተቀመጥ፣ እቆጥርልሃለሁ።"

ተቀመጥኩ። ወንበሩ የሁለት ሰው ነው አላልኩም?

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ሶፍያ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ጋ ደወልኩ። አላነሳም። ደወልኩ ግን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

እማማ ራይና ለአርባው ወረቀት መጡ። መነጽር ተደርጓል፣ ዶንካ ከጎን ቆማለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ተዝካሩ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ። "ፔትኮ ራቼቭ ራቼቭ" ብዬ እንደጨረስኩ ቀዩ መስመር ብቅ አለ።

"ምን ይላል?" አሉ።

"ይቅር ወይስ ይኑር ይላል።"

"ቆይ፣ እኔ ልጫነው!" ጣታቸውን እንደ መርፌ ቀስረው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ተጫኑት። "ይኑር" አሉ ጮክ ብለው። ማሽኑ እንዳልሰማ ፈርተው ነው መሰል፣ ደገሙት። "ይኑር!"

እትዬ ዶንካ መጋረጃ ልታስተካክል ዞረች። እሷ ማልቀሷን ሰው ሲያይባት አትወድም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ማስቲሽና ስልሳ ወረቀት ይዤ የጠዋቱ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ ቲኬት ሊቆርጥልኝ ሲል ወረቀቱን አየ።

"ራቼቭ ራቼቭ ሞተ?!"

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ።

"ወር ሆነው" አልኩ።

"ምን ማለትህ ነው ወር ሆነው! መንዳት ያስተማረኝ ሰው እኮ ነው! ወረቀት ሳይለጠፍ?"

"ተለጥፎ ነበር..."

"እኔ ዲሬክተሩ መስሎኝ!" አለች አንዲት ወፍራም ሴት ከኋላ። "'እሰይ፣ ግልግል' ብያለሁ እኮ! ወይ ኃጢአቴ!" አማተበች። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ እንደሷ አማተበ።

ስሙን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። አንድ ሁለት ሰው ገላመጠኝ። ይገባኛል።

ሾፌሩ በየፌርማታው ቆሞ ጠበቀኝ። አሥራ ሰባት ጊዜ ወረድኩ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ወጣሁ። አምስተኛው ላይ ነፋሱ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ለጠፈው፣ ያቺ ወፍራም ሴት እየተሳደበች ወርዳ ያዘችልኝ። ከዚያ ወዲያ በየፌርማታው አብራኝ ወረደች። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ወሬ አለው። አንዷ፣ እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የማታው የመጨረሻ አውቶቡስ አምልጧት ራቼቭ ራቼቭ እሷን ብቻ ጭኖ የተመለሰላት። ሌላው ጎመን ረስቶ የወረደ፣ ራቼቭ ራቼቭ በማግስቱ ጎመኑን ከፊት ወንበር አስቀምጦ ያመጣለት።

"ጡሩምባውን ሁለቴ ነበር የሚነፋው" አለ አንድ ሽማግሌ። "ጲጵ ጲጵ። ልጆች ሆነን ስሙን የሚጠራ ይመስለን ነበር።"

ዛሬ ስንት ሰው አናገርኩ? መቁጠር አቃተኝ፣ ድምፄ ሰለለ። ስልኬን አላየሁትም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ዲሬክተሩ መጣ።

"አንድ ወረቀት ስጠኝ።"

"ለምንዎ?"

"በሬ ላይ ልለጥፍ። የሞተው እኔ አለመሆኔን ሰው ይወቅ።"

ሰጠሁት። አልሄደም። በከዘራው ወለሉን ይቆረቁራል።

"ቅዳሜ... ያልተጠራ ሰው ቢመጣ ሴትዮዋ ያባርሩታል?"

"አርባ ላይ ማን ተጠርቶ ያውቃል? አያባርሩም መሰለኝ።"

"የሱን ለቀስተኛ ያስቀረሁበት እኔ ነኝ እኮ። በስሜ።"

"ስሙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ ዶንካ ነግራኛለች።" ባርኔጣውን አደረገ። "እንግዲያው አብረን እንሄዳለን። ብቻዬን ስገባ ሰው ዞሮ እንዲያየኝ አልፈልግም።"

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

እማዬ ዛሬ ዘጠኝ ወሯ። የስድስት ወሯን ወረቀት አላተምኩም ነበር። የሌላውን ሁሉ እያተምኩ የእናቴን... ማን ያነበዋል ብዬ።

ዛሬ አተምኩ። አንድ ብቻ። ሕንፃው በር ላይ ለጠፍኩት። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ከነዘንቢሏ ቆማ አነበበችው።

"ነፍሷን ይማር። ጎበዝ ሴት ነበረች" አለች። "በስድስት ወሯ ምንም ስላልለጠፍክ፣ ሰው እንዲያነሳብህ የማትፈልግ መስሎን ነው ዝም ያልነው። ደወሉንም ተጫንን ተጫንን፣ አትከፍትም።"

ተጭነው ነበር ለካ! ተበላሽቷል አልኳት። ማሠራት አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

በጊዜው ደረስን። እማማ ራይና፣ እትዬ ዶንካ፣ ዲሬክተሩ፣ እኔ። ቅዳሴው አልቋል፣ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ንፍሮው በዚያው በትልቁ ድስት ነው። ስኳር ነስንሰው በዘቢብ መስቀል ሠርተውበታል። ከጎረቤት አራት አሮጊቶች መጡ። በቃ። ቄሱ ሰዓቱን አየ።

"ትንሽ እንጠብቅ፣ አባ" አለች እትዬ ዶንካ።

ጠበቅን። ብርድ ነው። እማማ ራይና ማንኪያዎቹን ይደረድራሉ፣ ያነሷቸዋል፣ ደግመው ይደረድራሉ። ወደ በሩ አያዩም። ዲሬክተሩ በጆሮዬ "የኔም እንዲህ ባዶ ነው የሚሆነው" አለኝ። ክንዱን ያዝኩት። በልቤ ግን አሥራ ሰባቱን ፌርማታ እቆጥራለሁ። የትኛው ጋ ነው በደንብ ያልለጠፍኩት?

"ይጀምሩ፣ አባ" አሉ እማማ ራይና። "ቁርጤን አወቅሁ።"

ቄሱ አፉን ሲከፍት ከመንገዱ በኩል... ጲጵ ጲጵ።

ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

አውቶቡሱ ነው። የአምስት ሰዓት ተኩል... ምን አገባኝ ስንት ሰዓቱ፣ የቅዳሜው አውቶቡስ ነው! በሩ ተከፈተና ሰው ይወርዳል፣ ይወርዳል። ሻማ የያዘ፣ አበባ የያዘ፣ ያቺ ወፍራም ሴት፣ ያ ሽማግሌ፣ ባለ ጎመኑ ጎመን ታቅፎ! "በየፌርማታው ሰው ሁሉ ሲያስቆመኝ ነው የዘገየሁት!" ይላል ሾፌሩ። ሌላው በእግሩ፣ ሌላው በመኪናው ደረሰ። እማማ ራይና መሐል ቆመው እጃቸውን ለሁሉም ይሰጣሉ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚላቸው። "የራቼቭ ራቼቭን ነፍስ ይማር።" "የራቼቭ ራቼቭን።"

ንፍሮው አልበቃም። የመጨረሻዋን ማንኪያ ለዲሬክተሩ ሰጡት። "ይብሉ፣ ስም ተጋርታችሁ የለ" አሉት። ቆሞ በላ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አፍንጫውን እየሳበ።

ስንወጣ ባዶውን ድስት አሸከሙኝ። "እማማ ራይና..." ስል አቋረጡኝ።

"እርስዎ እርስዎ አትበለኝ ከዛሬ ወዲያ። አሮጊት የሆንኩ ይመስለኛል።"

ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጬ የደወሉን ሽቦ እፈታታለሁ። ትናንት አዲስ ገዝቻለሁ፣ ዛሬ ራሴ እገጥመዋለሁ ብዬ።

ከታች ስሜን ሰማሁ። የሰማሁት መስሎኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ስንቴ መስሎኝ ያውቃል።

እንደገና።

ጫማዬን ሳላስር ደረጃው ላይ ነበርኩ። ራይና ግቢው መሐል ቆማለች፣ እሷን የሚያህል ዱባ ታቅፋ፣ ወደ መስኮቴ አንጋጣ። "አትሰማም እንዴ፣ ክንዴ ተቆረጠ እኮ!" አለችኝ። ለብቻዋ አይበላላትምና ለሁለት ልንጋግረው ነው። ምድጃው እየሞቀ፣ እሷ በእማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፍሬውን እያወጣች፣ እኔ ይሄን ቶሎ ልጻፍ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

"ቬሊን ቬሊን!" ነበር ያለችው።

ቀዩ መስመር ከሁለተኛው ስሜ ሥር መጣ። ይቅር ወይስ ይኑር?

ይኑር።